ጀልባ ላይ ወፍ ሲያርፍ

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ በረዶ ወረደ። የሚያዝያ በረዶ ነው፤ ድንገት መጥቶ ድንገት ይሄዳል። ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ቁርስ ቤቴ ውስጥ ሰው ከሰው መሰማማት አልቻለም። ሦስት ሹፌሮች ዝናቡ እስኪያባራ ሻይ እየደጋገሙ ቁጭ ብለዋል። ልክ ሲያባራ የጎረቤቴ ልጅ እየሮጠ ገባ። አራተኛ ክፍል ነው። ሁለት እጁን ገጥሞ የሆነ ነገር አቅፏል።

«ጋሼ፣ አልሞተችም!» አለኝ።

እጁን ገለጥ አደረገ። ትንሽ ወፍ ናት። ጀርባዋ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጉሮሮዋ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ጅራቷ እንደ መቀስ ለሁለት የተከፈለ። መብራት ገመድ ላይ ተደርድረው የምናያቸው እነሱ ናቸው። አንዱ ሹፌር ወዲያው የሃይላንድ ክዳን ውሃ ሞልቶ አቀበለው። ልጁ ምንቃሯን በጥፍሩ ፈልቅቆ ሊያፈስላት ሲል እጁን ያዝኩት። ጠንከር አድርጌ ሳልይዘው አልቀረሁም፤ ደነገጠ።

«አብሽር» አልኩት። «ውሃው ይቆይላት።»

እኔ ልክ እንደዚያ አድርጌ ወፍ ገድያለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ከ2007 እስከ 2012 ጅቡቲ ነበርኩ። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ጋላፊ የሚያወጣውን መንገድ እዚህ የማያውቅ የለም። የኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ለመኪና ወይም ለወደብ ሥራ ነው የሚሄደው። እኔ ግን ምግብ አብሳይ ሆኜ የሸራ ጀልባ ላይ ገባሁ። ባሕር ውስጥ የሚጠልቁ ቱሪስቶችን ይዞ አምስት ስድስት ቀን ውሃ ላይ የሚያድር ጀልባ ነው። ሁለት ምሰሶ አለው። ነፋስ ሲኖር በሸራ፣ ነፋስ ሲጠፋ በሞተር ይሄዳል። ሥራው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። እኛ ጋ ክረምት ሲገባ እዚያ ካምሲን የሚሉት የሚያቃጥል ነፋስ ይነሳል፤ ያኔ ቱሪስት የለም።

ደሴ፣ ጦሳ ሥር ነው ያደግኩት። ከዚያ በፊት ያየሁት ትልቅ ውሃ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለውን ሐይቅ ብቻ ነው። ባሕሩ የመጀመሪያ ሰሞን ያስፈራኝ ነበር። ያላመደኝ ናኾዳችን ናቸው። ናኾዳ የጀልባ አዛዥ ማለት ነው፤ በዚያ ባሕር ሁሉም የሚለው እንደዚያ ነው። የመናዊ ሽማግሌ ናቸው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሳምቡክ በሚባለው የእንጨት ጀልባ ላይ ያደጉ። ብዙ አያወሩም።

የመጀመሪያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። አቧራ የያዘ ነፋስ ለሁለት ቀን ነፍሶ አየሩ ሁሉ ጭጋግ መስሏል። ከኩሽናው ደጃፍ ካለው ገመድ ላይ አንዲት ወፍ መጥታ አረፈች። ያው ጅራተ መቀሷ። ዓይኗን ትከድናለች፣ ትገልጣለች። እጄን ዘርግቼ ስይዛት እንኳ አልበረረችም። አንጀቴን በላችው። እኛ ወሎ ላይ እንግዳ ደክሞት ሲመጣ መጀመሪያ እግሩ ይታጠባል፣ ከዚያ የሚበላ የሚጠጣ ይቀርብለታል። እኔም ያደረግኩት ያንኑ ነው። በሻይ ማንኪያ ውሃ አጠጣኋት። ዳቦ በወተት አርሼ ጉሮሮዋ ውስጥ ከተትኩ። በአፍንጫዋ ቀዳዳ አረፋ መጣ። ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠች፣ እጄ ላይ ቀረች።

ናኾዳው ከመሪው ሆነው ያዩኝ ነበር። ምንም አላሉኝም። በማግስቱ ለእንግዶች ዶሮ ስሠራ መጡና የተቆረጠውን ጭንቅላት ከሳህኑ አነሱ። ምንቃሩን ከፈቱት። በጣታቸው የምላሱን ሥር አሳዩኝ። እዚያ ላይ ቁልቁል የተሰነጠቀች ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ እንደ ተከደነ ከንፈር ያለች።

«ይቺ የትንፋሿ በር ናት» አሉኝ። «ውሃህን ያፈሰስከው እዚህ ነው።»

ስንት ዶሮ አርጃለሁ፣ ስንት ዶሮ ገነጣጥያለሁ። ያችን ቀዳዳ አይቻት አላውቅም ነበር። ወፍ ስትጠጣ ራሷ በምንቃሯ ጨልፋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው። በግድ የተጋተችው ውሃ ግን ሳንባዋ ይገባል። በገዛ ውሃችን ደረቅ ወለል ላይ እናሰጥማታለን ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ነገር ቀላል ነው፤ ግን ልብን ይፈትናል። ጀልባ ላይ ደክማ ያረፈች ወፍ የምትፈልገው ማረፊያ ነው። እሱን ደግሞ አግኝታለች። ካረፈችበት አትንኳት። አጠገቧ ጠለቅ ያላለ ክዳን ውስጥ ውሃ አስቀምጥላት፤ ከፈለገች ትጠጣለች። ዳቦ አትስጣት፤ በራሪ ነፍሳት የምትበላ ወፍ ዳቦ ምኗም አይደለም። ሰው የሚረግጥበት ቦታ ካረፈች ወይም ከተጎዳች ብቻ፣ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፈህ አስገባትና ክደነው። ጨለማ ያረጋጋታል። እየከፈትክ አትያት። ይሄኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ ቱሪስቶቻችን በየአምስት ደቂቃው ፎቶ ማንሳት ይፈልጉ ነበር። ጎህ ሲቀድ ክፈትላት። ከዚያ እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ ምግብ አብሳይ ከሆንክ ደግሞ ሁለቴ ታጠብ። ሞታ ካገኘሃት በባዶ እጅህ አታንሳት፤ ወፎች ወደ ሰው የሚያልፍ በሽታ ሊይዙ ይችላሉ።

ይቺ ወፍ ስንት እንደምትመዝን ታውቃላችሁ? 20 ግራም ገደማ ናት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር አትሞላም። ይህችን ይዛ ነው ከአፍሪካ ተነስታ አውሮፓና እስያ ድረስ የምትሄደው። በልግ ሲሆን ወደ ሰሜን፣ ክረምት ሲያልፍ ደግሞ ወደ እኛ።

በሁለተኛው ዓመት ያየሁትን አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ከኦቦክ ተነስተን ሰባቱ ወንድማማቾች ወደሚባሉት ደሴቶች እየሄድን ነበር። ባብ ኤል መንደብ አጠገብ ናቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ነፋሱ ድንገት ዞረና ፊት ለፊት ሆነ። ከዚያ ወፎች መውረድ ጀመሩ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት፣ በኋላ ከሠላሳ በላይ። ጅራተ መቀሶቹ በጀልባው ዳር በተወጠረው ሽቦ ላይ ጎን ለጎን ተጣብቀው ተደረደሩ። ቦታ ያጣችው በሌሎቹ ጀርባ ላይ ትወጣለች። ጅራቷን ሽቅብ ቁልቁል የምትነቀንቅ ቢጫ ወፍ ወለሉ ላይ እየተራመደች ዝንብ ትለቅማለች። አንዷ መጥታ ያልተጣደው ጀበናዬ አንገት ላይ ቁጭ አለች። እዚያው ጭንቅላቷን ክንፏ ሥር ከታ ተኛች። ያን ምሽት ቡና አላፈላሁም።

ናኾዳው መጀመሪያ ያዘዙት መብራት እንዲጠፋ ነው። ሌሊት የሚጓዝ ወፍ ብርሃን ሲያይ መንገዱ ይጠፋበታል። በአምፖሉ ዙሪያ እየተሽከረከረ ያለውን አቅም ይጨርሳል፤ ከምሰሶና ከገመድ ይጋጫል። ሕግ የሚያስገድዳቸው ቀይ፣ አረንጓዴና ነጭ የጉዞ መብራቶች ብቻ ቀሩ። ሌላው ሁሉ ጠፋ። እንግዶቹ በጨለማ እራት በሉ። ማንም አላጉረመረመም። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

ሊነጋጋ ሲል ጭልፊት መጣ። ትንሽ፣ ግራጫ፣ ክንፈ ረጅም። ምሰሶው ላይ አረፈና ቁልቁል አየ። ከዚያ እንደ ድንጋይ ወርዶ ከሽቦው ላይ አንዷን ይዞ ወጣ። ላባዋን እዚያው ምሰሶ ላይ ሆኖ ይነጫል፤ ላባው በነፋሱ እየተንሳፈፈ ኩሽናዬ ደጃፍ ይወርዳል። መጥረጊያ ይዤ ወጣሁ። ናኾዳው ክንዴን ያዙኝ።

«እሱም ባሕር አቋርጦ ነው የመጣው» አሉኝ። «አንተ የማን ዳኛ ነህ?»

ነገራቸው ገብቶኛል። ልቤ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለውም። ጀልባችን ላይ ያረፉት የኛ እንግዶች ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። ጭልፊቱን አላባረርኩም። ለጥላ የምንወጥረውን ሸራ ግን ዝቅ አድርጌ ዘረጋሁት፤ ትንንሾቹ ከሥሩ ገቡ። እሳቸውም ይህን አልከለከሉኝም። ፀሐይ ሲሞቅ አንድ በአንድ ተነሱ። ወለሉ ኩስ በኩስ ሆኖ ቀረ። ሦስቱ ግን ሽቦው ሥር ሞተው ተገኙ።

ኩስ ካነሳሁ አይቀር እሱንም ልበል፤ ወፍ ሁሉ ደክሞት የመጣ ምስኪን አይደለም። የወደብ ወፎች አሉ። ጭንቅላታቸው የጠቆረ የባሕር ወፎች ናቸው፤ ጅቡቲ ወደብ ሞልተዋል። አንዴ የዓሣ ሆድ ዕቃ ከወረወርክላቸው አለቀልህ፤ በማግስቱ ዘመድ አዝማድ ሰብስበው ይመጣሉ። ሸራው ላይ፣ ሶላሩ ላይ ይለቁታል። ሶላር በኩስ ሲሸፈን ባትሪ አይሞላም። ባትሪ ካልሞላ ፍሪጁ ይቆማል፤ ፍሪጁ ከቆመ የስድስት ቀን ሥጋዬ ይበላሻል። ዓሣ የሚያድን ትልቅ ንስር መሰል ወፍም አለ፤ የያዘውን ዓሣ ምሰሶ ጫፍ ላይ ወስዶ ይበላል። አንድ ጊዜ እዚያ ያለውን የነፋስ አቅጣጫ መለኪያ ቆሞበት አጣመመው። ለማቃናት አንዱ የጀልባው ሠራተኛ ምሰሶ ላይ በገመድ ተጎትቶ መውጣት ነበረበት።

ብዙ ነገር ሞክረናል። የፕላስቲክ ጉጉት ሰቀልን፤ በሦስተኛው ቀን ራሱ ላይ ቆመውበት አገኘን። አሮጌ ሲዲ በክር አንጠለጠልን፤ እሱ ለሁለት ሳምንት ያህል ሠራ። የተሻለው የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው። ከሚቆሙበት ቦታ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገህ ትወጥረዋለህ። አይታያቸውም፤ ሊያርፉ ሲሉ እግራቸውን ይነካቸዋል፣ ይጠላሉ። ክሩ ግን የግድ ወጥሮ መታሰር አለበት። ከላላ እግርና ክንፍ ይጠልፋል፤ ያኔ ከማባረር አልፈህ ገዳይ ትሆናለህ። የደረቀ ኩስ ደግሞ በደረቁ አይፋቅም። ዱቄቱ ሲቦን ወደ ሳንባ ይገባል። መጀመሪያ በውሃ ማራስ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ከዚያ ማጠብ።

ከክረምት በኋላ ሥራ ስንጀምር ሸራ ከመዘርጋታችን በፊት እጥፋቱን ሁሉ እንፈትሽ ነበር። ወራት የቆመ ጀልባ ለወፍ ዛፍ ነው። አንድ ዓመት ሸራው ከታች የሚታሰርበት አግዳሚ ጫፉ ክፍት ነበር። ድንቢጥ ጎጆ ሠርታበት ሦስት ላባ ያወጡ ጫጩቶች ተገኙ። የጀልባው ባለቤት አውጥታችሁ ጣሉ አለ። ናኾዳው ቀለም መቀባቱ ገና አላለቀም አሉት። እውነትም አላለቀም ነበር፤ ማለቅ ይችል ግን ነበር። በስምንተኛው ቀን ጎጆው ባዶ ሆነ። ቀለሙም በዘጠነኛው ቀን አለቀ። ከዚያ ወዲህ ጀልባው ሲቆም ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ እንወትፈዋለን።

ስለ ቁራ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እናቴ አንድ ነገር ልካኝ ስዘገይ «የቁራ መልእክተኛ» ትለኝ ነበር። ኖኅ ከመርከቡ ልኮት ሳይመለስ የቀረው ቁራ ነው። ጅቡቲ ስደርስ አንገተ ግራጫ ቁራ ከተማውን ሞልቶት አየሁ። የኛ የደሴው ቁራ ምንቃረ ወፍራም፣ ማጅራቱ ነጭ ነው፤ ያኛው ቀጠን ያለ ነው። ናኾዳው እንደነገሩኝ ያ ቁራ የአገሩ አይደለም። ዘሩ ከህንድና ከአካባቢዋ ነው። በመርከብ ተሳፍሮ ኤደን ወረደ፣ ፖርት ሱዳን ወረደ፣ ጅቡቲ ወረደ። ወርዶም ቀረ። አሁን የአገሬውን ወፎች እንቁላልና ጫጩት ይበላል። ለዚህ ነው እሳቸው ከወደብ ከመውጣታችን በፊት ገመድ እያወናጨፉ ቁራ የሚያስለቅቁት። «የተሳፈረበት ያውርደው እንጂ እኔ ሌላ ደሴት አላደርሰውም» ይሉ ነበር። ደሴቶቹ ላይ በመሬት ላይ እንቁላል የሚጥሉ የባሕር ወፎች አሉ፤ አንድ ጥንድ ቁራ ምን እንደሚያደርጋቸው ማሰብ አይከብድም።

አይጥም እንደዚያው ነው። በማሰሪያው ገመድ ላይ ተራምዶ ይገባል። ገመዱ መሀል ላይ ክብ ቆርቆሮ ብታስገባበት መሻገር አይችልም። እኛ ጋ አንድ ምሽት ቆርቆሮው ተረሳ። አይጡ የውሃ ቱቦ በልቶ በማግስቱ ከወለሉ ሥር ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚት ሞልቶ አገኘን። በረሮ ደግሞ በካርቶን ነው የሚመጣው። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ከኛው አገር በካርቶን ተጭኖ ይመጣል፤ በካርቶኑ እጥፋት ውስጥ የበረሮ እንቁላል ከረጢት አለ። ከአንዷ ከረጢት ብዙ ትንንሽ በረሮ ይወጣል። ስለዚህ ካርቶን ጀልባ ላይ አይወጣም። ዕቃው ወደቡ ላይ ተራግፎ፣ ታጥቦ፣ በፕላስቲክ ሣጥን ይገባል። ለወፎቹ የምትሆን አንዲት ካርቶን ብቻ ነበረችን፤ በፌስታል ተጠቅልላ ትቀመጣለች። ይህን ሕግ ኮምቦልቻም ይዤው መጥቻለሁ። ቁርስ ቤቴ ውስጥ ካርቶን አያድርም።

2012 ላይ ኮሮና መጣና ጀልባው ቆመ። እኔም ተመለስኩ። ባሕሩ ይናፍቀኛል፤ ከምንም በላይ ግን ጥቅምት ላይ ባብ ኤል መንደብ ሰማይ ይናፍቀኛል። እዚያ ጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንስር የመሳሰሉ ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉት ከሞቀ መሬት በሚነሳ አየር ነው። ባሕር ላይ ያ አየር የለም። ስለዚህ ከየመን ተነስተው በዚያች ጠባብ ቦታ ወደ አፍሪካ ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 መኸር ቆጣሪዎች ጅቡቲ በኩል ተቀምጠው ከ240 ሺህ በላይ ቆጥረዋል። ከጀልባችን ወለል ላይ ጋደም ብሎ ማየት ነው፤ አንዱ ጎርፍ ሳያልፍ ሌላው ይከተላል። እነሱ ጀልባ ላይ አያርፉም። ያልፋሉ።

ወደ ደሴ ስወጣ ሐረጎ ላይ፣ ጭጋጉ ሲገለጥ፣ ኅዳር ውስጥ ከገደሉ በላይ ሲዞሩ አያቸዋለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ስልኩን ያያል። እኔ አንገቴን በመስኮት አወጣለሁ። ከነዚህ መሀል አንዱ ጥላው ጀልባችን ላይ አርፎ ያለፈ ይሆን እላለሁ።

ወደ ማክሰኞዋ ወፍ ልመለስ። አንዱ ሹፌር መኪናው ውስጥ የብስኩት ካርቶን ነበረው። በሹካ ቀዳዳ አበጀንለት። ንጹሕ የሻይ ጨርቅ አነጠፍን፤ በርጥበቷ ገባች፣ ከደንናት። ልጁ አጠገቧ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ሠራ። አምስት ጊዜ ልክፈተው አለኝ፤ አምስት ጊዜ አይሆንም አልኩት። እናቱ ለእራት ስትጠራው እንኳ መሄድ አልፈለገም።

ሌሊት ስትፍጨረጨር ሰማኋት። ጥሩ ምልክት ነው።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጁ በሩን አንኳኳ። ዩኒፎርሙን ለብሷል፤ ፊቱን ገና አልታጠበም። ካርቶኑን ደጃፍ አውጥተን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ክዳኑን እሱ ከፈተ። ወፏ ጥግ ላይ ነበረች። ላባዋ ደርቋል። ትንሽ አየችን። ከዚያ ሳንዘጋጅ ወጣች፤ በመጀመሪያ ዝቅ ብላ፣ አስፋልቱን ልትነካ እስክትል፣ በኋላ ሽቅብ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የመብራት ገመድ ላይ ከሌሎቹ መሀል ገባች። የትኛዋ እንደሆነች መለየት አቃተን።

«ጋሼ፣ አሁን ጅቡቲ ነው የምትሄደው?» አለኝ።

«መጀመሪያ ቁርሷን ትብላ» አልኩት።

ካርቶኑን ልጥል ስል ከእጄ ወሰደው። እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ በፌስታል ጠቅልዬዋለሁ።